ከሺራኦ ጎን ያለው ማይክ

ከሰፈሬ ጥግ ያለው ሱቅ ደጃፍ ስደርስ የራሴ ድምፅ ይጮህብኛል። «ግቡ! ግቡ እንጂ፣ እናንተ ጭራ የለሾች! ብስኩቱ ካለቀ በኋላ እንዳታለቃቅሱብኝ!» እኔ ነኝ። ማለቴ ሺራኦ ናት፤ የሺራኦ ድምፅ ግን እኔ ነኝ። እሷ ከካርቶን ተቆርጣ በሩ ላይ ቆማለች፤ ነጭ ፀጉሯ ከወገቧ ወርዶ፣ የቀበሮ ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው፣ ጭራዎቿ ከኋላዋ ተዘርግተው። ስምንት መቶ ዓመቷ ነው ይባላል፤ ስታዩአት ግን ዐሥራ ስድስት የሞላት አትመስልም። እኔ ስልሳዎቹን ገና ሳላጋምስ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎኛል። ጉድ እኮ ነው! አልፌአት ገብቼ በባሕር አረም የተጠቀለለ አንድ የሩዝ ጉራሽ አነሳለሁ። ሻጩ ልጅ ቀና እንኳ ሳይል «ላሙቀው?» ይለኛል። «አያስፈልግም» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ከሰው አፍ የምሰማው ንግግር ይኸው ብቻ ነው።

ስሜ ኢሶናጋ ሂሳኤ ነው። አታውቁኝም፤ አይፈረድባችሁም፣ የኛ ሥራ እንዲህ ነው። ሺራኦን የማያውቅ ሕፃን ግን በዚህ አገር የለም። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ትንሽዬ ልጅ ሺራኦን ቦርሳዋ ላይ አንጠልጥላ በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ታልፈኛለች። አንድ ቀን በሺራኦ ድምፅ «አንቺ ጭራ የለሽ!» ብላት ምን ትል ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ከዚያ እተወዋለሁ። ብትደነግጥስ? እናቷ ፖሊስ ብትጠራብኝስ? «እንደምን አደርሽ» ብዬ አልፋለሁ፤ እሷም ጎንበስ ብላ ታልፋለች።

ሺራኦ፣ ኩዜ የሚባሉ ሴት በየሳምንቱ እየሣሉ በሚያወጡት ማንጋ፣ በሥዕል በሚተረክ ታሪክ፣ ውስጥ ያለች የቀበሮ መንፈስ ናት፤ ማንጋው አኒሜ፣ የሚንቀሳቀስ የሥዕል ፊልም፣ ሆኖ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ይታያል። ተራራ ሥር ባለች፣ ምእመን ባለቀባት የኢናሪ፣ ቀበሮ መልእክተኛው የሆነች የሩዝ አምላክ፣ መቅደስ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ክፉ አይደለችም፤ ምላሰኛ ናት። ከሰው ሁሉ የሚያያት ዮሄይ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነው። ዮሄይ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የመቅደሱ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፣ ቀበሮ የምትወደውን የተጠበሰ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ይወረውርላታል፣ ትሰድበዋለች፣ ይሰድባታል። ታሪኩ ይኸው ነው። የሌላው አኒሜ ጀግና ሰይፍ መዝዞ ዓለምን ሲያድን የኛዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ሕዝቡም ሞተላቸው።

የዮሄይ ድምፅ ናሚኤ ነበረች። አዎ፣ ሴት ናት። በኛ ሙያ የወንድ ልጅ ድምፅ የሚሠራው በሴት ነው፤ ወንዱን ልጅ ቀጥራችሁ ዓመት ሳይሞላ ድምፁ ይጎረንናል፣ ከዚያ ምን ልታደርጉት ነው? ናሚኤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ዳሌዋ ሰፊ፣ ሳቋ ግድግዳ የሚነቀንቅ። አፏን ስትከፍት ግን ጉልበቱ የተጋጋጠ፣ አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርግ ልጅ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ የሰማኋት ዕለት ዞር ብዬ ልጁን ፈልጌዋለሁ።

ያኔ ስንቀዳ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። ከፊት ስክሪን፣ ከስክሪኑ ፊት አራት ማይክ፣ ከኋላ በግድግዳው ጥግ የተደረደረ ወንበር። ተራህ ሲደርስ ትነሳለህ፤ ስትጨርስ ኮሽታ ሳታሰማ ትመለሳለህ። ጫማህ ለስላሳ፣ ልብስህ የማይንኮሻኮሽ፣ ወረቀት ስትገልጥም እንደ ሌባ ነው። ሆድህ ከጮኸ ደግሞ ወዮልህ! ናሚኤ ለሆዷ ማስታገሻ ሁሌ ሙዝ ይዛ ትመጣለች፤ እኩሌታውን ለእኔ። ሌላው ተዋናይ ማይክ እየተቀያየረ ይሠራል፤ የመሐሎቹ ሁለቱ ግን የኛ ነበሩ፣ ማንም አይነካብንም። ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል። ሺራኦ ስትሳደብ እኔ ስክሪኑን አልሰድብም፤ ፊቴን ወደ ናሚኤ ትንሽ ዘንበል አድርጌ እሷን ነው የምሰድበው። እሷም አትምረኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ዓርብ ተሰዳድበን፣ ወጥተን ሶባ ቤት፣ የቀጭን ፓስታ ሾርባ ቤት፣ እንገባለን። ናሚኤ የሶባውን ክር ስትስበው ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ባለቤቱ በአክብሮት «ናሚኤ ሳን ሲበሉ ገበያ ይመጣልኛል» ይል ነበር።

ባል አግብቼ ነበር፤ ጠባይሽ አልተቻለም ብሎ ሄደ፤ እውነቱን ነው። እህት ወንድም የለኝም። ስለዚህ ያቺ የሶባ ሰዓት ለእኔ ምን እንደነበረች መንገር አያስፈልገኝም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። አንድ ክፍል ውስጥ አፍ መክፈት ነውር ሆነና ተዋናዮች አንድ በአንድ ይቅዱ ተባለ። እሺ፣ በሽታ ነው። በሽታው ሲሄድ ግን ልማዱ አብሮት አልሄደም። ለስቱዲዮው ቀለለው፤ ለወጣቶቹም ተመቻቸው። እኔ ማክሰኞ ጠዋት እገባለሁ፤ እሷ ሌላ ቀን። ዮሄይ በጆሮ ማዳመጫ ይመጣልኛል፤ እመልስለታለሁ። አንዳንዴ እሷ ገና ካልቀዳች የዮሄይ ቦታ ባዶ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ የንግግሩን ርዝመት የሚለካ ሰማያዊ መስመር ይሮጣል፤ መስመሩ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ማንም ባልተናገረው ቀልድ «ሃ ሃ! ይሄ ደደብ!» ብዬ እስቃለሁ። ግድግዳ ያስቃል? እኔን ግን ያስቀኛል።

ናሚኤ እናቷ ሲሞቱ የወላጆቿን ቤት ልጠብቅ ብላ ወደ ቾሺ፣ ባሕሩ ዳር፣ ተመለሰች። እንደዋወላለን። እኛ ስልክ ላይ «ሞሺ ሞሺ» እንላለን፣ ሁለቴ። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ቀበሮ አንዴ እንጂ ሁለቴ ማለት አይሆንላትም፤ ሁለቴ ካለ ሰው ነው። እኔ ለናሚኤ ስደውል ታዲያ ሁሌ አንዴ ብቻ ነው የምለው፦ «ሞሺ።» እሷም በዮሄይ ድምፅ «ኧረ ቀበሮዋ ደወለች፣ ቶፉ ደብቁ!» ብላ ትጮኻለች። የሁለት አሮጊቶች ጨዋታ ነው፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

ዘንድሮ ግን የአዲስ ዓመት ካርድ አልላከችልኝም። እኔ ላክሁ፤ መልስ የለም። ስደውል ይነሳል። «ሞሺ» እላለሁ። ዝም። የቤቱ ሰዓት ሲመታ እንኳ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተነሳ፣ ዝም፣ ተዘጋ። ምን አደረግኋት? ለምን ትንቀኛለች? ስቱዲዮ ስገባ ደግሞ ዮሄይ እንደ ወትሮው በጆሮዬ ውስጥ ይፈነድቃል፣ «ሺራኦ፣ አንቺ የተንጨባረርሽ አሮጊት!» ይለኛል። ለሥራው ድምፅ አላት፤ ለእኔ ግን የላትም። ደሜ ፈላ።

በዚህ መሐል ኩዜ ሳን ማንጋውን ጨረሱ። የመጨረሻው ክፍል ስክሪፕት መጣልኝ። ሻይ አፍልቼ፣ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ዮሄይ አድጓል፤ ሥራ ሊገባ ወደ ከተማ ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት ደረጃው ላይ መጥቶ ይቀመጣል። ሺራኦ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ታወራዋለች፣ ትሰናበተዋለች። እሱ ግን ከእንግዲህ አያያትም፣ አይሰማትም። አንድ ቃል አይናገርም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ የጎደለ ገጽ መስሎኝ ነበር። የለም። ከሃያ ዓመት በላይ ሲለፈልፍ የኖረ ልጅ፣ በመለያያችን ቀን አፉን ሰፍተውታል።

ተነስቼ ስቱዲዮ ሄድኩ። ዳይሬክተራችን ሴጋዋ የሚባል ልጅ እግር ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፣ ከመናገሩ ጎንበስ ማለቱ ይበዛል።

«ሴጋዋ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ፣ ኢሶናጋ ሳን?»

«ዮሄይ አፉ የት ሄደ?»

«ኩዜ ሳን እንዲህ ነው የጻፉት። ሰው ሲያድግ መንፈስ አያይም፣ አይሰማም ብለው...»

«ሰው ሲያድግ አያወራም? ለራሱስ አያወራም? አንተ ብቻህን ስትሆን አታወራም?»

«አንዳንዴ አወራለሁ» አለ ቀላ ብሎ።

«ስለዚህ! ስማኝ ልጄ፤ ናሚኤን አምጣልኝ። ቃል ባይኖራትም ትምጣ። እንደ ድሮው ጎኔ ትቁም። ሺራኦ ብዙ ነገር ሆና ታውቃለች፤ ግድግዳን ተሰናብታ ግን አታውቅም። እኔም አላደርገውም።»

«እሱ አይሆንም፣ ኢሶናጋ ሳን።»

«ለምን?»

ምንጣፉን አየ። «ቀረጻው ዓርብ ነው» አለ በመጨረሻ። «እርስዎ ካልመጡ አዘጋጆቹ ሌላ ድምፅ ሊፈልጉ ይችላሉ። እኔ አልፈልግም፤ እነሱ ግን...»

«ይፈልጉ!» ብዬ በሩን ላጋሁት።

መንገድ ላይ ነው የገባኝ፤ ሺራኦን ሊወስዱብኝ ይችላሉ። ሺራኦ ከሌለች እኔ ማን ነኝ? ሩዝ ላሙቅልሽ የምትባል አሮጊት። ቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ለናሚኤ ደወልኩ። ተነሳ። ያው ዝምታ። በዚህ ጊዜ «ሞሺ» አላልኩም።

«ስሚ አንቺ! ከፍ ከፍ አልሽ አይደል? እኔን ለማናገር አፍሽን ማበላሸት አልፈለግሽም! ሃያ ዓመት ሙዝሽን ስበላ የኖርኩ ሞኝ እኔ! ዮሄይ እንኳ ካንቺ ይሻላል፣ እሱ ሲሰድበኝ ፊት ለፊት ነው! ዝም በይ፤ እስክትሞቺ ዝም በይ!»

ቀስ ብሎ ተዘጋ።

በማግሥቱ ጠዋት ሴጋዋ በሬ ላይ ቆሟል፤ እጁ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ የባቄላ ኬክ። በኛ ዘንድ ሰው ጣፋጭ ይዞ በጠዋት ከመጣ ወይ ይቅርታ ነው ወይ መርዶ ነው። አስገባሁት። ተንበርክኮ ተቀምጦ ኬኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ናሚኤ ሳን እንዳልናገር ቃል አስገብተውኝ ነበር» አለ። «ትናንት ማታ መልእክት ጻፉልኝ። ንገራት፣ አለበለዚያ ደም ግፊቷ ይገድላታል አሉኝ።»

ካንሰር ነው። ጉሮሮዋ ላይ። ባለፈው መኸር የድምፅ ሳጥኗን ሙሉ በሙሉ አወጡት። ከዚያ በፊት ግን፣ ሐኪሙ ቀን ከቆረጠላት በኋላ፣ በየቀኑ ስቱዲዮ እየመጣች እስከዚያ ድረስ የተጻፈውን ሁሉ ቀድታ ጨረሰች። መጨረሻው ያኔ አልተጻፈም ነበር።

«እንግዲያ በጆሮዬ የምሰማው...»

«ሁሉም ከቀዶ ጥገናው በፊት የተቀዳ ነው፣ ኢሶናጋ ሳን።»

ወራት ሙሉ ከሌለ ድምፅ ጋር ነው ስጨቃጨቅ የኖርኩት። በስልኩ ውስጥ ዝም ያለችው ደግሞ ያለችው ናሚኤ ነበረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያን ሁሉ ስድብ በምን ልመልሰው? አለቀስኩ። ሴጋዋ እንዳያየኝ ኬኩን ልቁረጥ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ፤ እሱም ገብቶታል መሰለኝ ብዙ ብቆይም አልጠራኝም።

እሱን ሸኝቼ በባቡር ቾሺ ሄድኩ። በመስኮቱ የጎመን ማሳ ብቻ ነው የሚታየው፣ ከጎመኑ ማዶ ባሕሩ። ምን እንደምላት ስለማመድ ሄድኩ፤ ሁሉም ጠፋኝ። በሩን ሳንኳኳ «ማነው?» የሚል ሰው የለም። ተከፈተ። ናሚኤ ከስታ ዳሌዋ ሳይቀር ጠፍቷል። አንገቷ ላይ እንደ ሕፃን መሐረብ ነጭ ጨርቅ አስራለች። አየችኝ፤ አየኋት። ከኪሷ የጢም መላጫ ማሽን የሚመስል ነገር አውጥታ አገጯ ሥር ተከለችው።

«ስድብሽ አላረጀም» አለችኝ።

ድምፁ የማሽን ነው። ወንድም አይደለም፣ ሴትም አይደለም፤ ዝንብ ብርጭቆ ውስጥ ሲጮህ ነው የሚመስለው። ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ሳቅ አመለጠኝ! እሷም ሳቀች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ያነባል፣ ድምፅ ግን የለም። ያ ግድግዳ የሚነቀንቀው ሳቅ ዝም ብሎ ሲወጣ አየሁት። የእኔ ሳቅ ብቻውን ቤቱ ውስጥ ሲያስተጋባ አፈርኩ፣ አቆምኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በምን ልንገርሽ?» አለችና ማሽኑን እያሳየች ቅንድቧን ሰቀለች።

«ጻፊልኝ ነበራ! ሰው ይጽፋል!»

«ልጽፍ ነበር። ከዚያ አንቺ ትደውያለሽ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ አነሳለሁ። "ሞሺ" ትያለሽ። ምን ልበልሽ? በዚህ ጉድ ዮሄይ ነኝ ልበልሽ?» ማሽኑን አወረደችው። መልሳ አነሳችው። «ያቺን "ሞሺ" እየሰማሁ መዝጋት ይሻለኝ ነበር።»

ሶባ ቀቀለች። ክሩን በመቀስ እየቆራረጠች በማንኪያ በላች። አየር በአፏ አይገባም አሉ፣ በአንገቷ ቀዳዳ ነው የምትተነፍሰው፤ ስለዚህ መሳብ አትችልም። እኔም አልሳብኩም። ሁለታችን እንደ ሆስፒታል በሽተኛ በጸጥታ በላን። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እኛ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ለየብቻችን ነበር የምንበላው። ከሰማሁት ዝምታ ሁሉ ያ ከበደኝ።

«ዓርብ ነይ» አልኳት። «ጎኔ ቁሚ። ምንም አትበዪ። ብቻ ቁሚ።»

«ምን ሆኜ? ወፍ የሚያባርር የማሳ አሻንጉሊት?»

«እሱን ሁኚ። ባዶውን ማይክ እያየሁ ሺራኦን መሸኘት አልችልም፣ ናሚኤ። ሞክሬዋለሁ፣ ቤት ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ። አፌ አይፈታም።»

«አልመጣም።»

«ናሚኤ...»

«የስቱዲዮው ልጆች ያዩኛል። ሴጋዋ ያየኛል። የዮሄይ ማይክ ፊት ቆሜ፣ አፌ ተዘግቶ፣ ጨርቅ አንገቴ ላይ። አትጠይቂኝ።» ማሽኑ ስሜት አያውቅም፤ ሁሉንም በአንድ ልክ ነው የሚለው። እሷ ግን የአንገቷን ጨርቅ ደጋግማ ታስተካክላለች። «ደግሞ አንድ ነገር ስሚ። ዮሄይን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ኩዜ ሳን ለትልቁ ዮሄይ ወጣት ወንድ ተዋናይ እንፈልግ ብለው ጠየቁኝ። እንቢ አልኩ። ሌላ ሰው በሱ አፍ ከሚያወራ ዝም ይበል አልኳቸው። እሳቸውም አዘኑልኝና እንዳልኩት ጻፉት።»

ልቆጣ ፈለግኩ። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ተቆጣሁ። የራሷን ቅናት ልታበርድ እኔን ብቻዬን ደረጃው ላይ አስቀመጠችኝ ማለት ነው። ከዚያ ፊቷን አየሁት። እኔስ ብሆን? ሺራኦን ሌላ ሴት ትውሰዳት ቢሉኝ እኔስ ምን እል ነበር? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኛ ደግሞ ሁለቱንም ነን፣ ሞኞች፣ ዕድሜ ልካችንን ወረቀት ይዘን የቆምን።

«ደግ አደረግሽ» አልኳት። ልቤ ግን ደግ አደረግሽ አላለም።

በር ድረስ ሸኘችኝ። ስወጣ እጇን አወዛወዘች፣ እንደ ዮሄይ፣ ክንዷን ሙሉ ከፍ አድርጋ። ባቡሩ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ተማሪ ስልኩ ላይ የኛን አኒሜ ያያል። ዮሄይ ይስቃል፣ ሺራኦ ትሳደባለች፤ ሁለታችንም እዚያ አለን፣ እንደ ድሮው። እኔ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ በመስኮቱ ጎመን አያለሁ። እንዲህ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። ባሌ የሄደ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም፤ ያኔ ቢያንስ ዓርብ ናሚኤን አገኛታለሁ የሚል ነገር ነበረኝ።

ዓርብ ሄድኩ። ምን ምርጫ አለኝ? ካልሄድኩ ሌላ ሰው ሺራኦን ይሸኛታል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ለስላሳ ጫማዬን አደረግሁ፣ የማይንኮሻኮሽ ሹራቤን ለበስኩ። ሴጋዋና የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጠዋል። ቀረጻው ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ፤ አራት ማይክ ተተክሏል፣ በልማድ ይሁን በአክብሮት አላውቅም። ከመሐሎቹ አንዱ ፊት ቆምኩ። በጎኔ ያለው ማይክ የናሚኤ ቁመት ላይ ነው ያለው፣ ዝቅ ብሎ። ማን እንዳስተካከለው ገባኝ፤ ሴጋዋ አንገቱን ደፍቷል።

«በሚመችዎ ጊዜ፣ ኢሶናጋ ሳን።»

«አይመቸኝም» አልኩት። «ግን እንጀምር።»

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ሁለተኛውም ተበላሸ። ቃሉን አልኩት፣ በልክ አልኩት፣ ከሥዕሉ አፍ ጋር ገጠመ። ሴጋዋ «ጥሩ ነው» አለ፤ ጥሩ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሺራኦ እየተሰናበተች አልነበረም፤ ስክሪፕት እያነበበች ነበር።

«ውኃ ልጠጣ» ብዬ ዞር ስል በሩ ተከፈተ።

ናሚኤ ናት። ካፖርት ለብሳ፣ አንገቷ ላይ ያን ነጭ ጨርቅ አስራ፣ እግሯ ላይ ያንኑ የድሮ ለስላሳ ጫማ። ከመስታወቱ ወዲያ ሁለቱም ብድግ ብለው ጎንበስ አሉ። እሷ አላየቻቸውም። ማሽኗን አላወጣችም። ካፖርቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ መጥታ ጎኔ ቆመች፣ በቦታዋ ላይ፣ ትከሻዋ ትከሻዬ ላይ። ከስታ አጥንቷ ነው የነካኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ማይኳን ከነበረበትም ዝቅ አደረገችው፣ እስከ ደረቷ ድረስ። ፊቷ ላይ ተደቅኖ ሲያያት መረራት ብዬ አሰብኩ፤ አንጀቴን በላችው። ምንም አልጠየቅኋትም።

«እንሂድ» አልኩ ለሴጋዋ።

ቀዩ መብራት በራ። በስክሪኑ ላይ የመቅደሱ ደረጃ መጣ፤ ገና ቀለም ያልተቀባ፣ በእርሳስ የተሣለ። ዮሄይ ረጅም ሆኗል፣ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ከጎኑ ሻንጣ። ሺራኦ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቴን እንደ ድሮው ወደ ናሚኤ ዘንበል አደረግሁ።

«አንተ ጭራ የለሽ» አልኩ። «ይሄ ክራባት ምንድን ነው? አንገቱን ያሰሩት ውሻ መስለሃል። ማን አሰረልህ? ራስህ ነህ አይደል፣ ተጣሟል። ... ስትመጣ እሰማ ነበር፣ ታውቃለህ? ከታች መንገዱ ላይ፣ ገና ድልድዩን ሳትሻገር። ሁሌ እሰማህ ነበር። ዞር ብዬ የተኛሁ እመስላለሁ እንጂ። ስምንት መቶ ዓመት ስኖር ማንም በሰዓቱ መጥቶልኝ አያውቅም ነበር። አንተ ትመጣለህ። ... ከተማ ሰው ብዙ ነው ይላሉ። ብቻህን አትብላ። እሺ? ማንንም ቢሆን ጥራ፣ ደደብም ቢሆን ጥራ፣ ብቻህን ግን አትብላ።»

የስክሪፕቱ ቃል ነው፣ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። ግን በዚህ ጊዜ ለሥዕል አልነበረም የምናገረው፤ ድምፄም ተንቀጠቀጠ፣ ሺራኦ ደግሞ ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ግድ አልሰጠኝም።

«ዮሄይ» አልኩ። «ትሰማኛለህ?»

ከዚህ በኋላ ስክሪፕቱ ላይ ዝምታ ነው። ሰማያዊው መስመር መሮጥ ጀመረ። የማነበው አንድ ቃል ቀርቶኛል፤ ሺራኦ የልጁን ፊት አይታ «ማንም አይሰማኝም» ትላለች፣ ታሪኩም እዚያ ላይ ያልቃል።

ናሚኤ በዚያ ዝምታ መሐል እጇን ወደ አንገቷ ወሰደች። ጨርቁን ወደ ጎን አደረገችው። ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ናት። ጎንበስ ብላ አንገቷን ማይኩ ላይ አስጠጋችና ተነፈሰች። ረጅም ትንፋሽ ነው፤ መሐሉ ላይ ተሰበረ፣ ለቅሶ ሊሆን ሲል ተመለሰ፣ ቀጠለ። ድምፅ የለውም። ዮሄይ ግን ነበር። ዮሄይ መሆኑን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎኑ ቆሜያለሁ።

በስክሪኑ ላይ የሺራኦ አፍ ተከፈተ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ተዘጋ። እኔ ምንም አላልኩም። ሥዕሉ አለቀ፤ ቀዩ መብራት ግን ብዙ ቆይቶ ነው የጠፋው።

«ኢሶናጋ ሳን» አለ ሴጋዋ በድምፅ ማጉያው። «የመጨረሻዋ ቃል... ቀርታለች።»

«ትቅር» አልኩት።

ናሚኤ ገና ከማይኩ አልተነሳችም። እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግሁና እስክትጨርስ ጠበቅኋት።